የትኛውን ትርጉም ልውሰድ? ለአንድ የጎንደር አስጎብኚ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ፈረንሳይኛዬ ደህና ነው፤ ስፓኒሽና ጣልያንኛ ገና እየተማርኩ ነው። ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ስለ ስሜን ተራሮች በፈረንሳይኛ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ወደ ሁለቱ ቋንቋዎች ላዞር ብዬ መዝገበ ቃላት ስከፍት ለአንዱ ቃል አምስት ስድስት ትርጉም ይደረድርልኛል። በተለይ ሉዌ፣ ቧ፣ ቱር እና ኦት አስቸግረውኛል። የትኛውን ትርጉም እንደምወስድ በምን ልወቅ? ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ በድምፅ የሚቀራረበውን ብወስድስ አይቀልም?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ፤ እሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራምና። በድምፅ ስለተቀራረበ ብቻ ቃል አትውሰድ። ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽና ጣልያንኛ ሦስቱም የላቲን ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን እህትማማቾቹ የእናታቸውን ርስት እኩል አልተካፈሉም። አንድ የላቲን ቃል ብዙ ትርጉም ከነበረው አንደኛዋ ሁሉንም ይዛ ቀርታለች፤ ሁለተኛዋ አንዱን ብቻ አስቀርታ ለቀረው ሌላ ቃል አምጥታለች፤ ሦስተኛዋ እናትየዋ የማታውቀውን ትርጉም ጨምራበታለች። ስለዚህ ቃሉ ሲሻገር ትርጉሞቹ ሁሉ ተከትለውት አይሻገሩም። መተርጎም ያለብህም በዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተፈለገችውን አንዷን ትርጉም እንጂ ቃሉን አይደለም።

በየቀኑ የምትቆምበትን ቦታ ልውሰድ። ፋሲል ግንብ ደረጃው ሥር ሆነህ በአማርኛ «እንውጣ» ብትል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ውጭ። ለጣልያኖች «ሳሊያሞ» ካልካቸው ወደ ላይ እንውጣ ብለሃል። ለስፓኞች ያንኑ አስመስለህ «ሳሊሞስ» ካልካቸው ግን ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ፤ በስፓኒሽ ሳሊር ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ነውና። የሁለቱም እናት የላቲኑ ሳሊሬ ነው፤ የእሱ ትርጉም መዝለል ነበር። ፈረንሳይኛም ሳሊር የሚል ቃል አለው፤ ትርጉሙ ግን ማቆሸሽ ነው፤ ከእነዚህ ጋር ዝምድናም የለው። ስፓኞችን ወደ ላይ ለመውሰድ «ሱቢሞስ» ትላቸዋለህ። እሱን ደግሞ ለጣልያኖች እንዳትደግመው፤ የጣልያንኛው ሱቢሬም ሆነ የፈረንሳይኛው ሲዩቢር ሳይወዱ የመጣን ነገር መቀበል፣ መከራን መሸከም ማለት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት በጣልያንኛ ኡሺሬ፣ በፈረንሳይኛ ሶርቲር ነው። ወደ ላይ መውጣት በፈረንሳይኛ ሞንቴ ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ በል፤ አማርኛው «ወጣ» ራሱ ሁለቱን ትርጉም አቅፎ ስለያዘ አሳቢው ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፋል። የችግሩ ግማሽ ከሦስቱ ቋንቋዎች ሲመጣ ግማሹ ከራሳችን ነው። «ዐወቀ» ስንል ሰውም እናውቃለን፣ ነገርም እናውቃለን። ሦስቱም ቋንቋዎች ግን ይለዩታል፤ ነገሩን ሳቯር፣ ሳቤር፣ ሳፔሬ ሲሉ ሰውንና ቦታን ኮኔትር፣ ኮኖሴር፣ ኮኖሼሬ ይላሉ። ደግሞ ስፓኒሹ ሳቤርና ጣልያንኛው ሳፔሬ ፈረንሳይኛው የሌለው ትርፍ ትርጉም አላቸው፤ ጣዕምን ይናገራሉ። ጠጅ ያቀረብክለት ስፓኛዊ «ሳቤ አ ሚዬል» ቢልህ «ማር ማር ይላል» ማለቱ ነው፤ ጣልያኑ «ሳ ዲ ሚዬሌ» ይልሃል። ፈረንሳዩ ይህንን በሳቯር ሊለው አይችልም፤ «የማር ጣዕም አለው» ብሎ በሌላ ቃል ይዞርበታል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ዘዴ ይህ ነው። የፈረንሳይኛ-ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ከመክፈትህ በፊት ከቃሉ ጎን በአማርኛ አጭር ማብራሪያ ጻፍ። አንድ ቃል ብቻ አትጻፍ፤ «ወጣ» ብለህ ከጻፍክ ምንም አልረዳህም፤ «ደረጃ ወደ ላይ ወጣ» በል። አማርኛ ከቤተሰቡ ውጭ ስለሆነ ድምፁ አያታልልህም፤ ትርጉሙን ብቻ ጨምቀህ እንድታወጣ ያስገድድሃል። ከዚያ በኋላ ነው መዝገበ ቃላቱ የሚደረድርልህ አምስትና ስድስት ቃል መልክ የሚይዘው፤ አራቱ የአንተ እንዳልሆኑ ወዲያው ይታይሃል።

አሁን ወደ ቃሎችህ ልምጣ። ሉዌ በፈረንሳይኛ ሁለት ቃል ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ከላቲኑ ሎካሬ የመጣው መከራየትና ማከራየት ነው፤ ሁለተኛው ከላውዳሬ የመጣው ማመስገን ነው። ድምፃቸው በፈረንሳይኛ ገጠመ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም፤ ለዚህም ነው ደህና መዝገበ ቃላት ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጥቶ የሚለያያቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታይ መጀመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ምረጥ፤ የውስጡን ዝርዝር ከዚያ ታነበዋለህ። በማብራሪያህ ውስጥ ስለ ቅዳሴ በጻፍክበት «ሉዌ ለ ሴኘር» ያልከው እግዚአብሔርን አመስግኑ ነው፤ በስፓኒሽ «አላባድ አል ሴኞር»፣ በጣልያንኛ «ሎዳቴ ኢል ሲኞሬ» ይሆናል። ደባርቅ ላይ በቅሎ ስለ መከራየት የጻፍከው ግን በስፓኒሽ አልኪላር፣ በጣልያንኛ ኖሌጃሬ ነው። ጣልያንኛ ቤት ሲከራይ አፊታሬ፣ ተሽከርካሪና ዕቃ ሲከራይ ኖሌጃሬ ማለት ይወዳል፤ ለበቅሎም ኖሌጃሬን ተጠቀም።

አማርኛ «ተከራየ» እና «አከራየ» ብሎ የሚለየውን ሦስቱም ቋንቋዎች በአንድ ቃል ይሸፍኑታል፤ ሉዌም፣ አልኪላርም፣ ኖሌጃሬም ለሰጪውም ለተቀባዩም ያገለግላሉ። እዚህ ላይ አትጨነቅ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት መንገድ አሻሚ ከሆኑ አሻሚነቱ ራሱ በሰላም ይሻገራል፤ አንባቢው ከዐውዱ መለየት ለምዷል። ታን፣ ቲዬምፖ፣ ቴምፖም እንደዚሁ ናቸው፤ ሦስቱም ጊዜን፣ የአየር ጠባይን እና የግሥ ጊዜን አንድ ላይ ይይዛሉ። መጠንቀቅ ያለብህ አንዱ ሲለይና ሌላው ሳይለይ ሲቀር ነው። «ሦስት ጊዜ መጣሁ» የምንለውን ጊዜ ለምሳሌ ሦስቱም ከዚያ አውጥተው ፏ፣ ቤስ፣ ቮልታ ብለው ለይተውታል። ጣልያንኛው ቮልታ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፤ የሕንፃ ቅስት ጣሪያ ነው። ስለ ግንቦቹ ስትጽፍ ይህ ትርጉም ብዙ ያስፈልግሃል። ፈረንሳይኛው ቩት፣ ስፓኒሹ ቦቤዳ ነው። ስፓኒሹ ብዌልታ የቮልታ ዘመድ ቢሆንም መዞርን፣ መመለስን እና የገንዘብ መልስን እንጂ ቅስትን አይናገርም።

ቧ የበለጠ ሰፊ ነው፤ እንጨትም ነው፣ ማገዶም ነው፣ ትንሽ ደንም ነው። በስፓኒሽ ለሥራ የሚሆነው እንጨት ማዴራ፣ የሚነደው ሌኛ፣ ደኑ ቦስኬ ነው። በጣልያንኛ የሥራው ሌኞ፣ የሚነደው ሌኛ፣ ደኑ ቦስኮ። ሌኞና ሌኛ የሚለያዩት በመጨረሻው አናባቢ ብቻ መሆኑን ተመልከት፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የእንጨት ሥራ «ዲ ሌኛ» ብለህ ከጻፍክ ለጣልያኑ ከማገዶ የተሠራ ሆኖ ይነበባል። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የከበበውን ደን «ለ ቧ» ያልከውን ደግሞ ቦስኬና ቦስኮ በል። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ በፈረንሳይኛ የአጋዘን ዓይነት እንስሳ ቀንድም በብዙ ቁጥር ቧ ይባላል፤ እሱ ግን በየዓመቱ የሚረግፈው፣ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ነው። የዋልያ ቀንድ ስለማይረግፍ በፈረንሳይኛ ኮርን ነው፤ በስፓኒሽ ኩዌርኖስ። በጣልያንኛ የእንስሳ ቀንዶች «ሌ ኮርና» ሲባሉ «ኢ ኮርኒ» ካልክ የሚነፋው የሙዚቃ ቀንድ ይሆናል።

ከእንጨቱ ሳልወጣ ስለ ጣሪያው ማለት ያለብኝ አለ፤ ከላክልኝ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ፊት የምታሳየው ሁሉም ሰው ቀና ብሎ በሚያይበት ቅጽበት ነው፤ እዚያ ላይ ቃል መሳሳት ያሳዝናል። አማርኛ «ጣሪያ» ሲል ከላይ ያለውን ክዳንም፣ ከውስጥ የሚታየውንም ያጠቃልላል። ስፓኒሽም እንደኛው ነው፤ ቴቾ ሁለቱንም ይሸፍናል። ፈረንሳይኛ ግን ክዳኑን ትዋ፣ የውስጡን ፕላፎን ብሎ ይለያል፤ ጣልያንኛም ቴቶ እና ሶፊቶ ይላል። ስለዚህ ከፈረንሳይኛ ወደ ጣልያንኛ ስትሄድ ልዩነቱ ሳይነካ ይሻገራል። ወደ ስፓኒሽ ስትሄድ ግን ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ አጠገባቸው ለዪ ቃል ማስገባት የአንተ ሥራ ነው። የሣር ክዳኑን «ቴቾ ዴ ፓሃ»፣ መላእክቱ ያሉበትን «ቴቾ ፒንታዶ» ብትል ማንም አይሳሳትም።

እኛ ደግሞ የውስጡን ጣሪያ «ኮርኒስ» እንላለን፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ነገር ግን ኮርኒቼ ለጣልያኑ የሥዕል ፍሬም ነው፤ በሕንፃም ላይ ቢሆን የግድግዳ ጠርዝ ጌጥ እንጂ ጣሪያ አይደለም። «መላእክቱን ኮርኒቼ ላይ ይመልከቱ» ካልክ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፍሬም ፍለጋ ዓይኑን ያንከራትታል። ጎንደር የጣልያን ቃል የሚበዛበት ከተማ ስለሆነ ይህ ፈተና በየቦታው አለ። ፒያሳ ያለውን ፖስታ ቤት ስታሳይ ፖስታ ለጣልያኑ መልእክት መላኪያው አገልግሎት ነው፤ እኛ ፖስታ የምንለውን የወረቀት ማሸጊያ ግን እሱ ቡስታ ይለዋል። ስፓኛው ደግሞ ሶብሬ ይለዋል፤ ሶብሬ «ላይ» እና «ስለ» የሚልም ትርጉም አለው። በሌላ በኩል መኪና ሙሉ ትርጉሙን ይዞ መጥቷል። ጣልያንኛው ማኪና ተሽከርካሪንም ማሽንንም እንደሚል እኛም «የስፌት መኪና» እንላለን። በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ግን ማሺንና ማኪና ማሽኑ ብቻ ናቸው፤ የምትነዳው ቯትዩር እና ኮቼ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የገባ የጣልያን ቃል ሲያጋጥምህ እንደማታውቀው ቃል ቁጠረውና መዝገበ ቃላት ክፈት።

ወደ ቱር ልመለስ። መልሱ ከቃሉ ፊት ባለችው አንዲት ፊደል ውስጥ ነው። «ላ ቱር ዲዩ ሻቶ» የግንቡ ማማ ነው፤ «ለ ቱር ዲዩ ሻቶ» ግንቡን መዞር ነው። ፆታው ሲቀየር ቃሉ ተቀየረ። የፋሲል ግንብን አራት ማዕዘን የያዙትን ባለ ጉልላት ማማዎች በስፓኒሽም በጣልያንኛም ቶሬ በላቸው። ዙሩን ግን በስፓኒሽ ሬኮሪዶ ወይም ብዌልታ፣ በጣልያንኛ ጂሮ በለው። ወንዴው ቱር «ተራ» የሚልም ትርጉም አለው፤ «የእርስዎ ተራ ነው» ለማለት ሁለቱም ቋንቋዎች ቱርኖ ይላሉ። ስለ ወለቃ ሸክላ ብትጽፍ ደግሞ የሸክላ ሠሪ ማሽከርከሪያ በፈረንሳይኛ ያው ወንዴ ቱር ነው፤ በስፓኒሽ ቶርኖ፣ በጣልያንኛ ቶርኒዮ። ፆታ ትርጉም የሚቀይርባቸው ቃላት በሦስቱም አሉ፤ ስፓኒሹ «ኤል ኩራ» የደብር ቄስ ሲሆን «ላ ኩራ» ፈውስ ነው። ለኛ ካህን ግን ሳሴርዶቴ የሚለውን እመርጣለሁ፤ ኩራ የካቶሊኩን የደብር ቄስ መልክ ይዞ ይመጣልና።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ኦት ነው፤ ያስቸገረህ ሳታጠፋ ነው። የላቲኑ ሆስፔስ አስተናጋጁንም እንግዳውንም ይል ነበር፤ ፈረንሳይኛው ኦትና ጣልያንኛው ኦስፒቴ ይህን ጠባይ እስከ ዛሬ ይዘውታል። ስፓኒሽ ግን ለይቷል፤ እንግዳው ዌስፔድ፣ ተቀባዩ አንፊትሪዮን ነው። አንተ የጻፍከው «ኦታችን ሲደርስ ቡና ይቀርብለታል» የሚል ስለሆነ እንግዳው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ዌስፔድ በል። ቀጥሎ ያለው «ኦቱ ታሪኩን ይነግራችኋል» ግን ባለቤቱ ነው። በጣልያንኛ ሁለቱንም ቦታ ኦስፒቴ ብትለው ሰዋስው አይሰበርም፤ ግን በአንድ አንቀጽ ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ስም ተጠርተው አንባቢው ይደናገራል። ስለዚህ እንግዳውን ኦስፒቴ ብለህ፣ ባለቤቱን «ፓድሮኔ ዲ ካዛ» በለው። በፈረንሳይኛውም ብታስተካክለው ይሻላል። ባለቤቷ ሴት ከሆነች ፈረንሳይኛ ራሱ መውጫ ይሰጥሃል፤ ኦቴስ የምትቀበለዋ ናት፤ እንግዳዋ ሴት ብትሆንም ኦት ትባላለች።

ያልጠየቅከኝ ግን ማብራሪያህ ውስጥ ያለ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል አለ፤ ሱርስ፣ ማለትም ምንጭ። ስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤስ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ መድረሱንና በ1622 ጎርጎራ ላይ ማረፉን ጽፈሃል። ለስፓኞች ይህን መንገር ተገቢ ነው፤ ደስ ይላቸዋል። የዓባይ ምንጭ በስፓኒሽ «ላስ ፉዌንቴስ ዴል ኒሎ አሱል» ነው። ፉዌንቴ እንደ አማርኛው ምንጭ ለውኃም ለወሬም ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ በአደባባይ የሚፈነጥቀው ፏፏቴና የምግብ ማቅረቢያ ሰፊ ሳህንም ነው። ጣልያንኛ የውኃውን ሶርጄንቴ፣ የመረጃውን ፎንቴ ብሎ መለየት ይወዳል፤ ስለዚህ «ሌ ሶርጄንቲ ዴል ኒሎ አጹሮ» በል፤ ፓኤስ የጻፈውን እንደ ታሪክ ማስረጃ ስትጠቅስ ግን ፎንቴ ትላለህ።

ከስፓኒሽ የሚነሳው ችግር ደግሞ በግሦቹ ላይ ይበረታል። ኤስፔራር መጠበቅም ነው፣ ተስፋ ማድረግም ነው። ፈረንሳይኛ አታንድርና ኤስፔሬ፣ ጣልያንኛ አስፔታሬና ስፔራሬ ብለው ይለዩታል። እንግዳህ «ኤስፔሮ ኬ ቤንጋ» ካለህ ይመጣል ብሎ ተስፋ ማድረጉ ነው፤ «ኤስፔሮ አ ኬ ቤንጋ» ካለህ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው። ልዩነቱ ያቺ «አ» ናት፤ ንግግር ውስጥ ለጆሮ በጣም ቀጭን ናት። አንደኛው ሰው እንድትጓዝ ይፈልጋል፣ ሌላው እንድትቆም። ኤንሴኛር ደግሞ ማስተማርም ማሳየትም ነው። ስፓኛ «ግንቡን ኤንሴኛር» ሲልህ አሳየኝ ማለቱ ነው፤ ፈረንሳይኛው አንሴኜና ጣልያንኛው ኢንሴኛሬ ግን ማስተማር ስለሆኑ እዚያ ላይ ሞንትሬና ሞስትራሬ ያስፈልጋሉ። ኬሬርም መፈለግንና መውደድን አንድ ላይ ይዟል። «ቴ ኪዬሮ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ ጣልያንኛ «ቲ ቮሊዮ» ብለህ ከወሰድከው ፍቅሩ ወደ ሥጋዊ ፍላጎት ይወርዳል፤ ለወዳጅና ለቤተሰብ «ቲ ቮሊዮ ቤኔ»፣ ለፍቅረኛ «ቲ አሞ» ነው።

ለስሜን ጉዞ ዕቃ ስትዘረዝር ቲዬንዳን ተጠንቀቅ። በስፓኒሽ ለብቻው ከቆመ መጀመሪያ የሚሰማው ሱቅ ነው፤ ድንኳን ለማለት «ቲዬንዳ ዴ ካምፓኛ» ብለህ ሙሉውን ጻፍ። በጣልያንኛ ቴንዳ ድንኳንና መጋረጃ ነው፤ ሱቁ ኔጎትሲዮ ይባላል፤ የሱ መሳይ የስፓኒሹ ኔጎሲዮ ደግሞ ንግድ ነው። ፈረንሳይኛው «ቮ ዛፌር» በዚህ ቦታ «ዕቃዎቻችሁ» ማለት ስለሆነ በስፓኒሽ ኮሳስ፣ በጣልያንኛ ኮዜ በል፤ አፋሪ ካልካቸው ንግዳቸውን መኪና ውስጥ እንዲተዉ እየነገርካቸው ነው።

በቅሎ ስታከፋፍል አንድ ነገር ይረዳሃል። «ኤስታ ኤስ ሱ ሙላ» የሚለው የስፓኒሽ ዐረፍተ ነገር በቅሎዋ የእርስዎም፣ የእሱም፣ የእሷም፣ የእነሱም ሊሆን ይችላል፤ ሱ አራቱንም ይላል። ፈረንሳይኛ ቮትር፣ ሳ፣ ለር ብሎ እንድትመርጥ ያስገድድሃል። ጣልያንኛው ሌይ ደግሞ «እሷ» እና «እርስዎ» ነው። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ «ምን ይፈልጋሉ?» ስንል እርስዎን፣ እሳቸውን ወይም እነሱን ልንል እንችላለን፤ ዓይን ለዓይን ስለምንተያይ አንሳሳትም። በወረቀት ላይ ግን ዓይን የለም። ስለዚህ በጽሑፍ ሲሆን «ዴ ኡስቴድ» የሚለውን ጨምርበት።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ፣ ባለ ሁለት ቋንቋው መነሻ ይሁንህ እንጂ መድረሻ አይሁንህ። የመረጥከውን የስፓኒሽ ቃል በስፓኒሽ መዝገበ ቃላት መልሰህ ፈልገው፤ አንተ የፈለግከው ትርጉም ከመጀመሪያዎቹ መካከል ካለ ቀጥል፤ ከታች «የድሮ» ወይም «የሕክምና» የሚል ምልክት ተሰጥቶት ካገኘኸው ተወው። ዌስፔድን ብትፈልግ የአስተናጋጅነት ትርጉሙን እዚያ እንዲህ ወደ ዳር ተገፍቶ ታገኘዋለህ። የስፓኒሹን እ.ኤ.አ. በ1713 የተቋቋመው ንጉሣዊ አካዳሚ በኢንተርኔት በነፃ ያቀርበዋል፤ የጣልያንኛውን ትሬካኒ ከሚባለው የመዝገበ ቃላት ድረ ገጽ፣ የፈረንሳይኛውን ትልቁን የፈረንሳይኛ ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንዲሁ በነፃ ታገኛለህ። የማሽን ትርጉም መጠቀም አልከለክልህም፤ ነገር ግን አንዳንዱ በመሐል እንግሊዝኛን አሳልፎ ነው የሚያመጣው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንተን ከእርስዎ አይለይም። ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ በቀጥታ ብትሄድ ሳይነካ የሚሻገረው አክብሮት እዚያ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቅኔ ባደገበት አገር ስላደግን ለኅብረ ቃል ፍቅር አለን፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ስናገኝ ሰምና ወርቁን ይዘን ማለፍ እንወዳለን። በማብራሪያህ መግቢያ ላይ ኦት የሚለውን ቃል «እኛም እናንተም ኦት ነን» ብለህ ተጫውተህበታል፤ በፈረንሳይኛ በጣም ያምራል። በጣልያንኛም ኦስፒቴ ይሸከመዋል፤ አትንካው። በስፓኒሽ ግን አይሄድም። እዚያ ላይ ወርቁን ብቻ ውሰድ፤ ቤቱ የጋራ መሆኑን በግልጽ ቃል ጻፍ፤ ጨዋታው ቢቀርም መልእክቱ አይጎዳም።

በመጨረሻ ስትጽፍ ማን እንደሚያነበው ጠይቅ። ስፔን ውስጥ ኮሄር ተራ ቃል ነው፤ «ልጓሙን ያዝ» ለማለት ያገለግላል። ለሜክሲኮና ለአርጀንቲና ሰው ግን ነውር ነው፤ ቶማር በለው፤ ያ ለሁሉም ይሆናል። ፈረንሳይኛውም አገር አለው። በፈረንሳይ ቁርስ ፐቲ ዴዥኔ፣ ምሳ ዴዥኔ፣ እራት ዲኔ ነው። በቤልጅየም፣ በስዊዘርላንድና በኬቤክ ግን ዴዥኔ ቁርስ፣ ዲኔ ምሳ፣ ሱፔ እራት ነው። የጉዞ ፕሮግራምህ ላይ «ዲኔ ጎርጎራ» ብለህ ብቻ ከተውከው ከብራሰልስ የመጣው እንግዳ ቀትር ላይ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ስፓኒሹ አልሙዌርሶም በአንዳንድ ቦታ ምሳ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ የረፋድ ምግብ ነው። ስለዚህ በሦስቱም ቅጂዎች ላይ ከምግቡ ስም ጎን ሰዓቱን ጻፍ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ግለጽላቸው።